የበረት ሙሾ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ስታስነጥስ ካልጋህ ሳትነሳ ትሰማለህ። አንተ "ይማርሽ" ትላለህ፣ እሷም ከወዲያ ማዶ "ያኑርዎት አባባ" ትላለች። ዕድሜዬን ሙሉ ለሳኝ ነበርኩ፤ የስንቱን ቤት ግድግዳ በእጄ ለስኛለሁ። ይሄ ግድግዳ አይባልም። መጋረጃ ነው።

ያን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋደም ብያለሁ። ልጄ ወጥቷል ብዬ ነው የማስበው። ድንገት የወንድ ድምፅ መጣ። ዘፈነ እንዳልል ዘፈን አይደለም፣ ጸለየ እንዳልል ጸሎት አይደለም። አፉን በጨርቅ የጠቀለሉት ይመስል ያጉረመርማል። እንደ ክራር ያለ አንድ ክር አለ፣ እሱን ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ የሚያፈስ ቧንቧ በለው። ትንሽ ይሄድና ድምፁ ይሰበራል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ ደሞ ከታች ያነሳዋል። እኔ ይሄን አውቀዋለሁ። ሰው ሲሞት ነው እንዲህ የሚሆነው።

የጎረቤቴ ባል ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው። እሱ ሞተ አልኩ። ልጅቷ ገና ወጣት ናት፣ ከወለጋ የመጣች ጴንጤ፣ ጥሩ ልጅ። ተነሳሁና ነጠላዬን ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ አንገቴ አዙሬ ደረብኩ። ጫማዬን አደረግሁ። ወጥቼ በሯን አንኳኳሁ።

በአንድ እጇ ቢላ በአንድ እጇ ሽንኩርት ይዛ ከፈተች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"እግዜር ያጥናሽ ልጄ" አልኳት።

"ውይ! ማን ሞተ አባባ?"

"ኧረ አንቺ ንገሪኝ እንጂ።"

"እኛ ቤት? በኢየሱስ ስም! ማንም አልሞተም!" ሽንኩርቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ጆሮዋን ጣል አደረገችና ሳቋ አመለጣት። "አባባ፣ ይሄ እኮ ከእርስዎ ቤት ነው የሚመጣው።"

ሐዘን ለብሼ ወደ ገዛ ቤቴ ተመለስኩ። እንዲህ ያለ ውርደት።

የልጄን ክፍል ከፈትኩት። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃውን ዘግቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን አልጋው ላይ አስደግፏል፣ ዓይኑ ፍም መስሏል። ከፊቱ በርጩማ ላይ አንድ ማጫወቻ አለ፤ ጥቁር ሸክላ ይዞርበታል።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"ማንም አልሞተም አባዬ። ሸክላ ነው። ምነው ነጠላህን እንደዚህ ለበስከው?"

ሸክላ! እኔ ሸክላ አላውቅም መሰለው። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ቡና ቤት ውስጥ ሸክላ ሲዞር ትከሻ አብሮ ይዞር ነበር። ደመወዝ የተቀበልን ቀን ሲሚንቶውን ከጫማችን ሳናራግፍ ገብተን እንቆማለን። አስተናጋጇ መርፌውን ስታስቀምጥ መጀመሪያ ቸስ ይላል፣ ከዚያ ጥሩምባው ይፈነዳል፣ ሰው ሁሉ አንድ ላይ "እሰይ!" ይላል። ሸክላ እሱ ነው። ሸክላ ለሰው ነው እንጂ መጋረጃ ዘግቶ ለብቻ የሚያለቅሱበት ዕቃ አልነበረም።

ይሄኛው አሜሪካ የተሠራ ነው። ልጄ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት የመስታወት ፎቆች ባንዱ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው። እዚያው አካባቢ ነው ከአንድ ከውጭ ከሚያስመጣ ሰው የገዛው። ዋጋውን ጠይቄው ነግሮኛል። አልጽፈውም፣ ያቅለሸልሸኛል።

ከሸክላው በላይ የሚቀፈኝ አያያዙ ነው። በጣቱ አይነካውም፤ ጠርዝና ጠርዙን በሁለት መዳፉ ይዞ ከካርቶኑ ያወጣዋል። ቄስ ታቦት ሲያወጣ እንኳ እንደሱ አይጠነቀቅም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ይጠርገዋል። እዚያው ከራስጌው በላይ የእናቱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ አቧራ ለብሷል። አራብሳ አቧራ ነው፣ በየቀኑ ካልጠረግኸው ሰው ከሰው አይለይም። ፎቶውን የምጠርገው እኔ ነኝ። እሱ የአሜሪካኑን ይጠርጋል።

ካርቶኑ ደግሞ ጥቁር ነው። ቅጠሏ የረገፈ አንዲት ዛፍ፣ ከሥሯ አንድ ሰው፣ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶናል። ያን ሁሉ ብር ከፍለህ ፊቱን እንኳ አያሳይህም።

"ጥልቅ ነው አባዬ" አለኝ ልጄ።

"ጉድጓድም ጥልቅ ነው" አልኩት።

"ፎክ ነው እኮ፣ የባላገራቸው ዘፈን። ፖየትሪ ነው። ቃሉ በጣም ዳርክ ነው፣ ግን ያምራል።"

"ጨለማ ካማረህ መብራት ሲጠፋ ለምን ትሳደባለህ?"

ሳቀ። መሳቁ አናደደኝ።

ሙሾ መስሎኝ ሐዘን ለብሼ መውጣቴ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ለማወቅ የሚስቴን ለቅሶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ያኔ የምንኖረው ቦሌ ሚካኤል ነበር። ግቢያችን ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም አይርቅም። አጥራችንን የምንጋራት አንዲት ሴት አለች፣ የሚስቴ ጓደኛ፣ የሰፈሩ አልቃሽ። ማንም ይሙት ማን ሙሾ የምታወጣው እሷ ናት። አሠራሯን ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። ድንኳን ስትገባ ወዲያው አታለቅስም። ሄዳ ከሟች ቤተሰብ አጠገብ ቁጭ ትልና በጆሮ ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር? ማንን ይቆጣ ነበር? ሲገባ ሲወጣ ምን ይላል? አንዱ አንድ ነገር ይነግራታል፣ ሌላው ሌላ። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ስትነሳ ያ የተነገራት ሁሉ ግጥም ሆኖ ይወጣል፤ ሰውየው ራሱ ድንኳኑ ውስጥ የገባ ይመስልሃል። ያን ጊዜ ነው ሰው የሚያለቅሰው። ያለዚያ ሰው ዝም ብሎ ንፍሮ ይበላል።

ሚስቴ የሞተች ቀንም እንደ ልማዷ ገባች። ልጄ አጠገብ ቁጭ አለችና ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ "ልጄ፣ እናትህ ምን ትልህ ነበር?" አለችው።

ልጄ ደነገጠ። ልብሱ ጥቁር፣ መነጽሩ ጥቁር። "ይቅርታ እማማ" አላት፣ "እንደሱ አይደረግም። የመሥሪያ ቤት ሰዎች አሉ፣ ካሜራም አለ። በጸጥታ ነው የምንሸኛት።"

ካህናቱም ሙሾ አይወዱም፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔ ከወንዶቹ በኩል ተነስቼ "ተዋት፣ ታልቅስላት!" አልኩ። የሚስቴ ወንድም እጄን ያዘኝ፣ "ተው፣ ልጁን በጓደኞቹ ፊት አታሳፍረው" ብሎ። አጎቱ ነውና ተከበረ፣ እኔ ባሏ ተቀመጥኩ። አልቃሿም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ልጄ ያስመጣው ሳጥን ድምፅ ማጉያ ፒያኖ ይሁን ምን አለዝቦ ያንቆረቁር ጀመር፣ ሆቴል ቤት መግቢያ ላይ እንደሚከፈተው ዓይነት። ሚስቴን እንደ ቁምሳጥን በዝምታ ተሸክመው አወጧት።

ከዚያ ቤታችን ለመንገድ ፈረሰ፣ እኔም ልጄ ጋ አራብሳ ገባሁ። ከቀብሩ ወዲህ ልጄ መቃብሯ ጋ ሄዶ አያውቅም። እናቱን ሲያነሳም አልሰማሁትም። የሚያለቅስላት አጥታ መሬት ገባች፣ ያ እየከነከነኝ ዓመት ሊሞላ ሆነ።

እንግዲህ ልጅ ተብዬው፣ ሙሾ ኋላ ቀር ነው ብሎ የእናቱን አልቃሽ አፍ ያስያዘው ሰው፣ በየቅዳሜው መጋረጃ ዘግቶ የአሜሪካን ሙሾ ይሰማል። በገንዘቡ ገዝቶ!

የሙት ዓመቷን ነገር ያነሳሁት እኔ ነኝ። አልቃሿን እንጥራት፣ ያልተለቀሰው ይለቀስ አልኩት።

"አባዬ፣ ተጨርሷል እኮ" አለኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አዳራሽ ይዟል። ምግቡ ታዟል፣ እያነሱ የሚበሉት ዓይነት፣ ሰው ሳህን ይዞ የሚሰለፍበት። የእናቱ ፎቶዎች በትልቅ ስክሪን ላይ በየተራ ይታያሉ።

"በዝምታ?" አልኩት።

"አይ፣ ከሥሩ ዘፈን ይኖራል" አለና ወደ ሸክላው አየ። "ከዚህ አልበም ሦስተኛውን ነው ያሰብኩት።"

መጀመሪያ በደንብ የሰማሁት አልመሰለኝም። ደግሜ አስባልኩት።

"ማንም ቃሉን አይሰማም አባዬ። ቫይቡ ብቻ ነው። በጣም ቆንጆ ነው።"

"የማይሰማ ከሆነ ምንድን ነው የሚለው?"

"ትራንስሌት ሲደረግ ይበላሻል።"

"ይበላሽ። ንገረኝ።"

ሸክላውን አወጣ፣ ጠረገ፣ አስቀመጠ። መርፌውን በትንፋሹ የሚያስቀምጥ ነው የሚመስለው። ያ ቧንቧ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ሰውየውም አጉረመረመ። ልጄ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እየሰማ ይነግረኛል፤ አማርኛው እየተደናቀፈ።

"እናቱ ሞተች። የነሱ ክረምት ላይ። በረዶ ነው። መሬቱ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል፣ መቃብር መቆፈር አይቻልም። ስለዚህ..."

"ስለዚህ?"

"ስለዚህ ባርን ውስጥ አስቀመጧት። በረት ማለት ነው። መሬቱ እስኪለሰልስ።"

"ሬሳውን?"

"አዎ።"

"ከከብቱ ጋር?"

"አባዬ፣ ሲምቦሊክ ነው።"

"ላሟ ሲምቦሊክ መሆኑን ታውቃለች?"

"ኧረ አባዬ!"

"ዶማ የላቸውም? እድር የላቸውም? ጨረቃ ላይ የወጡት ሰዎች እኮ ናቸው! አንዲት አሮጊት የሚቀብር ጎረቤት ጠፍቶ ነው በረት የሚያሳድሯት?"

"በየቀኑ ይሄድና በሩ ላይ ቆሞ ይዘፍንላታል" አለ፣ ጥያቄዬን ትቶ። "አይገባም። በሩ ላይ ብቻ ነው የሚቆመው።"

"ለምን አይገባም?"

"እሱን አይናገርም።"

 ሬሳ አይቻለሁ፣ ገንዤአለሁ፣ መቃብርም ለስኛለሁ። እንዲህ ግን ሰምቼ አላውቅም። የከብት ትንፋሽ፣ የእበት ሽታ፣ እዚያ መሃል የሰው እናት። ይሄን ነው እንግዲህ ሚስቴ ፎቶ ሥር ሊከፍትልኝ ያሰበው። ሰው እንጀራውን ጠቅልሎ እየጎረሰ።

"ኤጭ! አጥፋልኝ" አልኩት። "እናትህን ማልቀስ ከፈለግህ ለምን በፈረንጅ? አፍ የለህም?"

እሱ መርፌውን አነሳው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ "በአማርኛ ከሆነ አልችለውም አባዬ" አለ።

አሳዘነኝ ብል ውሸት ነው። ይበልጥ ነው ያስጠላኝ። የገዛ ቋንቋውን እንደሚናከስ ውሻ የሚፈራ ሰው! እንግዲህ የሸክላው ሚስጥር ይሄ ከሆነ፣ ሰውየው የሚወደደው ሳይነካ ስለሚያስለቅስ ነው። ጓንት አድርጎ እጅ እንደ መጨበጥ።

በማግስቱ ታክሲ ተሳፍሬ ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። አልቃሿ ቤቷ አልፈረሰም፤ በሩ ላይ በርጩማ ይዛ ጎመን ትቀነጥሳለች። የኛ ግቢ የነበረበት ቦታ ኮረት ተቆልሎበታል። ወደዚያ ላለማየት ፊቴን ወደሷ አዞርኩ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ገና አለህ?" አለችኝ።

"ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?"

"አራብሳ ንፋሱ ሰው ይወስዳል ሲሉ ሰምቼ ነዋ። ቁጭ በል፣ ጎመኑን አትርገጥ።"

የሙት ዓመቱን ነገርኳት። ነይና አልቅሺላት አልኳት። ጎመኑን መቀንጠሷን አላቆመችም።

"እኔ አልመጣም" አለች። "አፌን የዘጋው አንተ አይደለህም፣ ልጅህ ነው። የዘጋው ይክፈተው። ጠየቅሁት፣ አልመለሰልኝም። ያልተነገረኝን ከየት አምጥቼ ላልቅስ? እኔ ውሸት አላለቅስም።"

"እሱማ በፈረንጅ ዘፈን ሊያስለቅስላት ነው።"

"በምን?"

ነገርኳት። ሸክላውን፣ መጋረጃውን፣ ጀርባውን የሰጠውን ሰውዬ። ከዚያ በረቱን ነገርኳት። እዚህ ላይ ጎመኑ ከእጇ ወደቀ።

"ከከብት ጋር?"

"ከከብት ጋር።"

"ወይኔ እናቴ! ለኔ ጓደኛ? ያቺ ንጹሕ፣ ያቺ መጋረጃዋን በየሳምንቱ የምታጥብ ሴት፣ በበረት ሙሾ?" ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። "አልቅሺ ብለኸኝ አልመጣም። ግን ልስማው። ማን እንደሆነ ይሄ ሰው፣ እንዴት እንደሚያለቅስ ልየው።"

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጣች። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፤ በየደረጃው እያረፈች፣ የሠራውን መሐንዲስ እየረገመች ወጣች። ልጄ በሩ ላይ ሲያያት ቀይ ሆነ። ጎንበስ ብሎ ሳማት።

"እማማ፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ ልጄ። አባትህ አዲስ አልቃሽ ቀጥረሃል ብሎኝ ልሰማው መጣሁ።"

ልጄ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

እምቢ ማለት አልቻለም። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣት። መጋረጃውን ሊዘጋ ሲል "ተወው፣ ብርሃን ይግባ፣ ጆሮዬ ነው እንጂ የሚሰማው" አለችው። ሸክላውን አዞረ። ሰውየው ጀመረ።

ጣቷን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። እንደምትስቅ፣ እንደምትሳደብ ነው የጠበቅሁት። አልሳቀችም። ልጄ ሰውየው የሚለውን ሁሉ ነገራት፣ ሲጨርስ ዓይኗን ገለጠች።

"ድምፁ የእውነት ነው" አለች። እኔ አፈርኩ፣ ልጄ ደግሞ ቀና አለ። "ሐዘን አለበት። አይዋሽም። ግን ልጄ፣ ይቺ እናቱ ምን ነበረች?"

"እንዴት ማለት እማማ?"

"ቀይ ናት ጥቁር? ቁጡ ናት? ምን ታበስልለት ነበር? ምን ብላ ትጠራው ነበር?"

ልጄ አሰበ። "አይልም" አለ።

"ምንም?"

"ምንም። በረዶውን ነው የሚያወራው። በሩን፣ ደጁን።"

"እኮ! እናቲቱ የታለች?" እጇን ዘረጋች። "ይሄ ሰው የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው። ማንም አጠገቡ ቁጭ ብሎ አልጠየቀውም። ለዚህ ነው ደጅ ቆሞ የቀረው። ሰው ካልጠየቀህ እንዴት ትገባለህ?"

ሸክላው መዞሩን አላቆመም፤ ዘፈኑ ወደ ሌላ ዘፈን አልፏል፣ ያው አንድ ዓይነት ነው። እሷ ከአልጋው ጫፍ ወረደችና መሬት ላይ ልጄ አጠገብ ቁጭ አለች። ጉልበቷ ሲንቋቋ ይሰማል። ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። ያችኑ ቃል፣ ድንኳኑ ውስጥ የጠየቀችውን፣ አንድም ሳትቀንስ አንድም ሳትጨምር፦

"ልጄ፣ እናትህ ምን ትልህ ነበር?"

ልጄ ወደ ሸክላው አየ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜአለሁ። እምቢ ቢል ይሄ ነገር ለዘላለሙ እንደተዘጋ ይቀራል፤ እሷም ሁለተኛ አትጠይቅም፣ እኔም ሁለተኛ ደረጃውን አላስወጣትም። ሚስቴ ያዳራሹ ስክሪን ላይ በበረት ዘፈን ታልፋለች። በሩን ጨብጬ ነው የያዝኩት።

"ስልክ..." አለ ልጄ።

"እ?"

"ስልክ አታስዘጋኝም ነበር።" ድምፁ ቀጠነ። "ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት ትደውላለች። ምንም የምትለው የላትም። በላህ? በላሁ። እሺ ቻው እማዬ ስላት 'ቆይ፣ እንዳትዘጋ' ትላለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ምን ፈለግሽ ስላት ምንም። ድስት ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ አባዬ ሲያስል ይሰማኛል። እሷ አታወራም። ዝም ብላ ትይዘዋለች። እኔ ስብሰባ አለኝ እላለሁ፣ እሷ 'ቆይ፣ እንዳትዘጋ'..."

እኔ ያን ስልክ አውቀዋለሁ። "ዝጊው፣ ካርድ እየቆጠረብሽ ነው" እያልኩ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ለምን እንደምትይዘው ግን ጠይቄ አላውቅም፤ የሴት ነገር ብዬ ነው።

አልቃሿ ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አወረደች፣ ጥለቱን አዞረች። ድምፅዋ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ፣ የዚያ የአሜሪካን ድምፅ ሥር ሥሩን ሄደ፤ ከዚያ ተነሳና ሸፈነው።

እንዳትዘጋ ባይዋ፣ ስልኩን በጆሮዋ፣
ምነው ዛሬ ቀድማ ዘጋችው በልጅዋ።

ልጄ ከወገቡ ተቀነጠሰ። በሸክላው ጊዜ እንደሚያለቅሰው ዓይኑን አቅልቶ አይደለም። እንደ ሕፃን፣ ንፍጡ እየወረደ፣ "እማዬ! እማዬ!" እያለ፣ መሬቱን በእጁ እየመታ። የሚያምር ነገር አልነበረውም። ማንም ሸክላ ላይ አይቀዳውም።

እሷ አልተወችውም። ደገመችለት፣ ሰለሰችለት። ከዚያ በርጩማውን አልፋ ወደ እኔ ዞረች። እኔን አልጠየቀችኝም፤ አጥር ለአጥር ስንኖር ምሽት ምሽት ደጃፋችን ላይ ሚስቴ ምን ስታደርግልኝ እንደነበር እሷ አይታለች።

ሲሚንቶ የበላው እጁን ቅቤ አሽታ፣
ለስላሳ አድርጋው ነው የሄደችው ትታ።

በሩን ትቼ ቁጭ አልኩ። ስለ ራሴ ብዙ አልጽፍም።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በር ተንኳኳ። ያ መጋረጃ ግድግዳ ይሄን ሁሉ አሳልፎ እንደሰጠን ገባኝ። ልጄ ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ ተነስቶ ከፈተ። ጎረቤታችን ናት። ነጠላ የላትም፣ በሃይማኖቷም ሙሾ የለም፤ ሻርፕ ብጤ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። በልጄ ትከሻ ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ፣ መሬት ላይ የተቀመጠችውን አልቃሽ አየች። ባለፈው መሳቋ ትዝ ብሏት ነው መሰል አፏን በእጇ ይዛለች።

"ይቅርታ" አለች ቀስ ብላ። "ዛሬስ ሸክላ ነው ወይስ ሰው?"

እኔ ልመልስ ስል ልጄ ቀደመኝ።

"ሰው ነው" አላት። "እናቴ ናት። ግቢ።"

ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ገባች። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብላ ካልቃሿ ጎን ቁጭ አለች። አልቃሿም እንደ ልማዷ ወደሷ ጎንበስ ብላ "አንቺስ ታውቂያት ነበር?" ትላታለች። አላውቃትም፣ ፎቶዋን ነው የማውቀው አለች ልጅቷ፣ አባባ ሲጠርጉት በኮሪደሩ ሳልፍ በመስኮት አያለሁ።

ሸክላው ያን ጊዜ አልቋል። የሚያነሳው ሰው ስለሌለ መርፌው መሃሉ ላይ ባዶውን ቸስ፣ ቸስ፣ ቸስ ይላል። እውነቱን ልናገር፣ ከዘፈኑ እሱ ይሻላል።